መንጃ ፈቃዱ የጋሼ፣ ዓይኑ የኔ

ዛሬ ሹፌር ሲያጠፋ ነጥብ ይያዝበታል ይላሉ። በኛ ጊዜ ነጥብ የሚል ቃል አልነበረም፤ «ሪከርድ» ነበር የምንለው። ነገሩ ግን ያው ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ያስቆምሃል፤ መንጃ ፈቃድህን ይቀበልና በምትኩ ቁራጭ ወረቀት ይሰጥሃል። ጽሕፈት ቤታቸው ሄደህ ትሰለፋለህ፣ ትቀጣለህ፣ መንጃ ፈቃድህን ተቀብለህ አለቀ ብለህ ትወጣለህ። አላለቀም። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው ጥፋትህን በስምህ በተከፈተው ፋይል ላይ አስፍሮታል። ትርፍ ሰው መጫን፣ በማይቆምበት መቆም ቀላል ነው። ሰው መጉዳት ከባድ ነው። ቀላሉም ከባዱም እዚያው ፋይል ውስጥ እየተደመረ ይቀመጣል፤ ድምሩ ሲሞላ መንጃ ፈቃድህ ይታገዳል። ለረጅም ጊዜ ሳያጠፋ የቆየ ሰው አሮጌው ይሰረዝለታል ይባል ነበር። እኔ ግን መርካቶ ውስጥ እየነዳ ለረጅም ጊዜ ሳያጠፋ የቆየ ሰው አላጋጠመኝም።

የምነዳው ውይይት ነበር። ውይይት ከኋላዋ የቆርቆሮ ጣሪያ ተሠርቶላት፣ ተሳፋሪው በሁለት አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥባት ትንሽ የጭነት መኪና ናት። ጊዜው የስብሰባና የውይይት ጊዜ ስለነበር ሕዝቡ ስሟን ከዚያው አወጣላት። ባለቤቷ መርካቶ ውስጥ አቡጀዲ የሚሸጡ የጉራጌ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ሱቁና መኪናዋ ቀሩላቸው። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው።

መኪናዋን ሁለት ሆነን ነበር የምንነዳት፤ ጠዋት ጋሼ፣ ከሰዓት እኔ። ጋሼ የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለሱ ያረጁ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው። እኔ ከወሎ መጥቼ አጎቴ ዘንድ ጭድ ተራ ስቀመጥ፣ የሣር ጭነት ከማውረድ ያወጡኝ እሳቸው ናቸው። «አንተ ጀርባህ ሳይጎብጥ ና» ብለው እሑድ እሑድ መሪ አስያዙኝ። ገንዘብ አልጠየቁኝም። ሲያስተምሩ አይቆጡም፤ ስሳሳት ዝም ይላሉ፣ ያ ዝምታቸው ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁ ቀን እትዬ ዘንድ ይዘውኝ ሄደው «ይሄ ልጅ ለመኪናዎ ይሆናል» አሉ። እትዬም የእሳቸውን ቃል ተቀበሉ።

በሁለተኛው ዓመት አካባቢ ጋሼ ጥፋት ያበዙ ጀመር። አንድ ቀን ትራፊኩ እጁን ዘርግቶ እያቆማቸው አለፉ። ሌላ ቀን ሰው የሚሻገርበት ነጭ መስመር ላይ ወጥተው ቆሙ። አንድ ጊዜ የቆመ አውቶቡስ ጎን ጭረው ሄዱ። መንጃ ፈቃዳቸው ጽሕፈት ቤቱ ሲያድር የጠዋቱንም ሥራ እኔ እሸፍናለሁ። ሹፌሮች «ጋሼ ልብ አውጥተዋል» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔም እልኸኝነት ነው ብዬ አሰብኩ፤ የአሰብ መንገድ ሹፌር ለከተማ ትራፊክ ይገዛል ወይ ብዬ። እሳቸውም ያንን ስም አልጠሉትም። በመጨረሻው ጊዜ መንጃ ፈቃዳቸውን ከመስኮቱ የመለሰላቸው ሰው እንዲህ አለ አሉኝ፦ «አባት፣ አንድ ካከሉ ይታገዳሉ። ከእገዳ ሲመለሱ እንደ አዲስ ሰው ነው የሚፈተኑት። ምልክትም፣ መንዳትም፣ ዓይንም።» ይህን ሲነግሩኝ ምልክቱንና መንዳቱን እየሳቁ ነበር የተናገሩት። ዓይን ሲሉ አልሳቁም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

አደጋው የደረሰው ምን አለሽ ተራ ነው። የፊት ጎማው ሽፋን ተላቆ ጎማ እየነካ ስላስቸገረን፣ ጋሼ ተራቸውን ሲጨርሱ አብረን ልናስበይድ ሄድን። መሪው ላይ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ከጎናቸው። እዚያ ሰፈር መንገዱና የሥራው ቦታ አይለይም። ሰዉ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በርሜል ይቀጠቅጣል፣ ከቆርቆሮ ምድጃ ይሠራል፣ የሠራውን እዚያው ጎኑ ይከምራል። ጫጫታው ጆሮ ያደነቁራል። እኔ ወደ በያጁ ቤት እያየሁ ነበር። በድንገት መኪናዋ አንድ ነገር ስትገፋ ተሰማኝ፤ ተከትሎ ምድጃዎች እየተንኳኩ ወደቁ፣ ከዚያ የሰው ጩኸት መጣ።

ሁለታችንም ወርደን ሮጥን። ክምሩ ፈርሶ አንድ ምድጃ ሠሪ እግሩ ላይ ወድቆበታል። ተጋግዘን አነሳንለት። የእግሩ ጣቶች ተጨፍልቀው ደም ይወርዳቸዋል፤ ሰውየው ጥርሱን ነክሶ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ሰው ተሰበሰበ። ከየት እንደመጣ ሳላይ ትራፊክ ፖሊስ ደረሰ፤ በሰፈራችን የምናውቀው አስር አለቃ ነው፣ ጎልማሳ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር።

«ሹፌሩ ማነው?» አለ።

ጋሼን አየኋቸው። ቀና ብለው ወደ አስር አለቃው ዞረዋል፤ ግን የሚያዩት እሱን አልነበረም። ከትከሻው ወደ ግራ ያለውን ባዶ ቦታ ነበር የሚያዩት፣ እዚያ ሰው የቆመ ይመስል። ድምፁ ከየት እንደመጣ እየገመቱ ነው። ያ ሁሉ ጥፋት፣ የእጅ ምልክቱ፣ ነጩ መስመር፣ አውቶቡሱ፣ በአንድ አፍታ ገባኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አስቤ የተናገርኩት አይደለም። ሰው ሲወድቅ እጅህ ቀድሞህ እንደሚዘረጋ፣ እንደዚያ ነው የወጣኝ። አስር አለቃው መንጃ ፈቃዴን ተቀበለ። ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ምንም ሳይሉ መልሰው ዘጉት።

የተጎዳውን ሰው አሳክመን፣ ቃሌን ሰጥቼ፣ ጽሕፈት ቤቱ በቀጠረኝ ቀን ሄድኩ። ጠባብ ኮሪደር ላይ ሹፌሮች ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ። እዚያ የሚጠብቅ ሰው አያወራም፤ የቤንዚን ወረፋ ላይ እንኳ ሰው ይጫወታል፣ እዚያ ግን ሁሉም ጫማውን ነው የሚያየው። ተራዬ ሲደርስ አንድ መነጽር ያደረገ የመቶ አለቃ ፋይሌን ዘረጋው። እኔ ያሰብኩት ለአንዱ አደጋ እንደምቀጣ ነው። እሱ ግን ከታች ጀመረ።

«አውቶቡስ ተራ ትርፍ ጭነሃል።»

«አዎ፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

«ድልድዩ ጋ በማይቆምበት ቆመህ አውርደሃል። እንደገና ትርፍ ጭነሃል። መብራት ሳይኖርህ አምሽተሃል።»

ሁሉም እውነት ነበር። ሁሉንም ከፍዬ ረስቼዋለሁ።

«አሁን ደግሞ የሰው ጉዳት» አለና ፋይሉን ዘጋው። «ስማ፣ የምትታገደው ለዚህ ለአንዱ ብቻ አይደለም። ይሄ አንዱ ብቻውን ቢሆን በቅጣት ትሄድ ነበር። ተጠራቅሞ ነው። ስድስት ወር አትነዳም። ሲያልቅ ትምህርት ትገባለህ፣ ትፈተናለህ።»

አልተቆጣም፣ አልመከረም። ቀጣዩን ጠራ። ደጅ ወጥቼ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። የገዛ ጥፋቶቼ የጠበቁኝ ያህል ነበር የተሰማኝ፤ የጋሼን አንድ ጥፋት ስሸከም የኔዎቹ ከሥር ተነስተው ተቀበሉት።

እትዬ ሲሰሙ አልጮኹም። አቡጀዲውን እየለኩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «አንተን እንኳ ጥንቁቅ ብዬ ነበር» አሉኝ። ያች ቃል ከስድስቱ ወር በላይ ከበደችኝ። እንዲህ አይደለም ብዬ እንዳልናገር፣ የጋሼ እንጀራ ነው። ወጥቼ ሄድኩ።

ጋሼን በማግሥቱ ጭድ ተራ ጥግ፣ መኪናዋ ውስጥ አገኘኋቸው። ጎናቸው ገብቼ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ዓይንዎ።»

መሪውን በመዳፋቸው አሻሹ። «ካቻምና ክረምት ነው የጀመረው» አሉ። «ጭጋግ ነበር የመሰለኝ። ክረምቱ ወጣ፤ ጭጋጉ ግን አልወጣም። የማውቀውን መንገድ በልቤ እነዳዋለሁ። የሚያስቸግረኝ ሰው ነው። ሰው ቦታው አይታወቅም።»

«ታዲያ ለምን አይተዉትም?»

«ልተወውና ምን ልሁን? ልጄ ከነልጆቿ እኔ ዘንድ ናት። ባሏ ሰሜን ጦር ግንባር ነው፤ ደብዳቤውም ከቀረ ሰነበተ። እሱ እስኪመለስ ብዬ ነበር።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያን ቀን እኔ ነኝ ልል ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። አንተን እንዲህ ያደርጉሃል ብዬ አላሰብኩም፤ በእግዚአብሔር።»

«ወላሂ፣ እኔም አላሰብኩም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ከዚያ የተነጋገርነውን ማን ቀድሞ እንዳነሳው አላስታውስም። ምናልባት ማንም አላነሳውም፤ ቀኑ መሽቶ ሲነጋ እዚያው ጎናቸው ተቀምጬ ተገኘሁ። እትዬ ረዳት ሆኜ የማገለግል መሰላቸው፤ ደግ ሠራህ አሉኝ። መንጃ ፈቃዱ የጋሼ፣ ዓይኑ የኔ። አንድ ሹፌር ለሁለት ተከፍለን ወጣን።

እንዲህ ነበር የምንነዳው። ተሳፋሪ እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ፊቴን ወደ ፊት ተክዬ፣ ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ። «ከፊት ጋሪ አለ፣ ይቀንሱ። በቀኝ ሰው፣ ቆሟል፣ ይለፉ። አሁን ፍሬን። ትራፊኩ እጁን አንስቷል፣ ይቁሙ። አወረደ፣ ይሂዱ።» ጋሼ አይመልሱም። እጃቸውና እግራቸው ቃሌን እየተከተሉ ይሠራሉ፤ ማርሽ ሲለውጡ እንኳ ድምፅ አይሰማም። መንዳት ያውቁ ነበር። እንደ እሳቸው የሚነዳ ሰው ከዚያ በኋላም አላየሁም። የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ከኋላ ያለው ሰው ሒሳቡን በትንሿ መስኮት እያቀባበለ ይሰጠኛል፤ እኔ ወደ ኋላ ሳልዞር በእጄ እየዳበስኩ እቀበላለሁ። «ረዳት፣ መልስ» ይላሉ። «ቆይ» እላለሁ። ኩሩ ነው እያሉ ያሙኛል። እንዴት ልዙር? የዞርኩባት አፍታ መኪናዋ ዓይን የላትም።

ድካሙን ለማስረዳት ይከብደኛል። ስነዳ ከምደክመው እጥፍ ነበር የሚያደክመኝ። ሰው ራሱ ሲነዳ የሚያየውን ሁሉ አያስበውም፤ ዓይኑ አይቶ እግሩ ይሠራል። እኔ ግን ያየሁትን ሁሉ ወደ ቃል መለወጥ ነበረብኝ፤ ቃሉም ሳይረፍድ መድረስ ነበረበት። እግሬ ባዶውን ወለል ሲረግጥ ይውልና ማታ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል። ጉሮሮዬ ይደርቃል። ቤት ስገባ አጎቴ ያነጋግረኛል፣ መልስ መስጠት ያቅተኛል፤ ቃሌ አልቋል። «እንቅልፍህ ውስጥ ፍሬን፣ ፍሬን ትላለህ» አለኝ አንድ ጠዋት።

በዚህ መሀል እግሩ የተጎዳውን ምድጃ ሠሪ ልጠይቀው ሄድኩ። እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ በቆርቆሮ ጣሳ ላይ አሳርፎት፣ እዚያው ቦታው ቁጭ ብሎ ይቀጠቅጣል። ብርቱካን ይዤለት ነበር፤ አመስግኖ ተቀበለኝ። አንዷን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ።

«ከየትኛው በር እንደወረድክ አይቻለሁ» አለኝ ድንገት።

«ታዲያ ለምን ለፖሊሱ ዝም አልክ?» አልኩት።

«ማን ጠየቀኝ? ሹፌሩ ማነው አለ፤ አንተ እኔ ነኝ አልክ። በማንኛችሁም ስም ቢሆን እግሬ ያው ነው።» መዶሻውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «አንድ ነገር ግን ልንገርህ። የሽማግሌውን ነገር ያዘንክለት ይመስለኛል። እኔም ሳየው አዘንኩ። ግን እኛ እዚህ መሬት ላይ ነው የምንቀመጠው። ከመኪና በታች ነን። እሱን ስታዝንለት እኛንም አስበን።»

ብርቱካኑን ይዤ ተነሳሁ። መንገድ ላይ ጣልኩት። በዚያው ሳምንት የምድጃ ሠሪውን ቃል ለጋሼ ልነግራቸው ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። ጠዋት ሲመጡ ግን የልጅ ልጃቸው ያሰረላቸውን ቁርስ በጨርቅ ይዘው፣ የመኪናዋን በር እጀታ በእጃቸው እየዳበሱ ሲፈልጉ አያለሁ፤ ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ።

ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት ሰው ጭነን ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ቁልቁል እየወረድን ሳለ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። የመኪናዋ ቆርቆሮ ጣሪያ ይደበደብ ጀመር። ከኋላ ተሳፋሪው ይጯጯሃል፣ መስታወቱ በጭጋግ ተሸፈነ፣ መጥረጊያው አንድ ጊዜ ሄዶ አንድ ጊዜ ይቆማል። እኔ በእጄ መስታወቱን እየጠረግሁ እናገራለሁ፤ ድምፄ ግን ለራሴም አይሰማኝም።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ አንዲት ሴት ጭንቅላቷ ላይ ፌስታል ደፍታ፣ በጀርባዋ ሸክም አዝላ፣ ከበረዶው ለመሸሽ ወደ መንገዱ ገባች።

«ይቁሙ ጋሼ» አልኩ። መኪናዋ አልቀነሰችም። «ይቁሙ።» እሳቸው ጆሯቸውን ወደኔ ዘንበል አደረጉ፤ አልሰሙም። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችን፣ ደርቃ ቆመች። እኔ የእጅ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። መኪናዋ ተንሸራታ፣ ትንሽ ገደድ ብላ፣ መንገዱ መሀል ቆመች። ሴትየዋ ከፊቷ ነበረች። እጇን ዘርግታ ቢሆን ኖሮ የመኪናዋን አፍንጫ ትነካው ነበር። ሸክሟን አስተካከለች፣ ተሻግራ ሄደች።

በጋሼ በኩል መስኮቱ ተንኳኳ። ያው አስር አለቃ ነው። የዝናብ ካፖርቱ ላይ በረዶው ይነጥራል። ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። እሱ ጋሼን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን እንደያዘ የቀረውን እጄን አየ።

«አባት፣ ከፊትዎ የቆመው መኪና ሰሌዳ ቁጥሩ ስንት ነው?» አለ።

ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ነው፣ ሩቅ አይደለም። ላንሾካሹክላቸው እችል ነበር። ዝም አልኩ፤ እሳቸውም ወደኔ አልዞሩም።

«አላይም፣ ልጄ» አሉ ጋሼ። «ከፊቴ መኪና መኖሩንም አሁን አንተ ስትለኝ ነው ያወቅሁት።»

ተሳፋሪው ሰምቷል። አንድ በአንድ ከኋላ ወረዱ። ማንም አልተሳደበም፤ አንድ ሽማግሌ ሲያልፉ መስኮቱ ጋ ቆም ብለው «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለው ሄዱ። እንደ በሽተኛ ነበር ያዘኑላቸው።

አስር አለቃው ወደኔ ዞረ። «አንተ የታገድክ ነህ። ምን አለሽ ተራ የነዳኸው አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ» አሉ ጋሼ፣ እኔ ሳልመልስ። «ልጁ የኔን ነው የወሰደው። አሁን ጻፈው።»

አስር አለቃው ወደ ሰማይ ቀና አለ። በረዶው እየቀነሰ ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም፤ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ድካም ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«እሱን ከጻፍኩ የሐሰት ቃል ይሆናል፤ ሁለታችሁም ትታሰራላችሁ። እኔ በረዶው አደንቁሮኝ አልሰማሁም። ነገ ጠዋት፣ አባት፣ በራስዎ እግር ጽሕፈት ቤት ሄደው መንጃ ፈቃድዎን ይመልሱ። ዓይኔ ደክሟል ይበሉ። እንደዚያ ከሆነ ጥፋት ተብሎ አይጻፍም። ካልመለሱ ግን ከነገ ወዲያ እኔ ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ።» ከዚያ እኔን፦ «ያንተ እገዳ እንዳለ ይቀጥላል። እሱን ልነካልህ አልችልም።»

«ገብቶኛል፣ ጓድ አስር አለቃ» አልኩት።

«መኪናዋን አንሷት አሁን። መንገድ ዘግታለች።»

እኔና ጋሼ ተያየን፤ እሳቸው ድምፄ ወደነበረበት። ማን ያንሳት? አንዱ አያይ፣ አንዱ ታግዷል። አስር አለቃውም ገባው። ትንሽ ቆመና ጋሼን ወደኔ እንዲጠጉ አድርጎ፣ ከነካፖርቱ ገባ፣ ሞተሯን አስነስቶ ከመንገዱ ጠርዝ አቆማት። ሲወርድ ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ።

«ከዚህ በኋላ ግፏት» አለ። «መግፋት ፈቃድ አይጠይቅም።»

ገፋናት። ደህና ሞተር፣ በቂ ቤንዚን ያላትን መኪና፣ ከድልድዩ እስከ መርካቶ ዳገቱን ገፋናት። እኔ በመስኮት እጄን አስገብቼ መሪውን እየያዝኩ በትከሻዬ እገፋለሁ፤ ጋሼ ከኋላ። ሁለት ተሸካሚዎች አግዘውን ነበር፤ «ምኗ ተበላሸ?» ሲሉ ጋሼ «ሹፌሯ» አሉ። ተሸካሚዎቹ የቀለዱ መስሏቸው ሳቁ። በየመሀሉ ጎማዋ ሥር ድንጋይ እየከተትን አረፍን። ልብሳችን ሰውነታችን ላይ ተጣብቋል። ስናርፍ ጋሼን ልብ ብዬ አየኋቸው፤ ግንባራቸውን ቆርቆሮው ላይ አሳርፈው ይተነፍሳሉ። ከወራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምነግራቸው ነገር አልነበረኝም። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አረፍኩ።

እትዬ ሱቅ በር ላይ አቆምናት። ጋሼ እኔን ደጅ አስቀርተው ብቻቸውን ገቡ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ሲወጡ እትዬ ተከትለው ወጡና ደረቅ ጋቢ ለእሳቸውም ለኔም ሰጡን። ወደኔ ቀረብ ብለው «ለምን አልነገርከኝም?» አሉ። «እንዴት ብዬ፣ እትዬ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ውስጥ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ያችን የመጀመሪያ ቃላቸውን አላነሷትም፤ ግን ሌላ ሰው ሲያመጡ እኔን አማክረው ነው ያመጡት።

በማግሥቱ ጋሼን ይዤ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ያው ኮሪደር፣ ያው ወረፋ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ምክንያቱን ጠየቀ። «ዓይን» አሉ ጋሼ። ሰውየው መንጃ ፈቃዱን ገለጠው። ፎቶው ላይ ጋሼ ፀጉራቸው ጥቁር፣ አንገታቸው የቀና፣ ጎልማሳ ናቸው።

«ፎቶዋን ልውሰዳት?» አሉ።

«አይቻልም አባት፣ የመንግሥት ንብረት ነው።»

«እሺ» አሉ። ክንዴን ይዘው ወጣን። ደረጃውን ስንወርድ «ለነገሩ ብወስዳትም አላያትም ነበር» አሉኝ።

የቀሩኝን ወሮች ጭድ ተራ ተመልሼ ሣር አወረድኩ። እትዬ ያመጡት ሹፌር እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ ፍሪሲዮኑን አቃጠለው፤ መኪናዋ ለረጅም ጊዜ ጋራዥ ቆመች። ጋሼ ሱቁ በር ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው ዕቃ የሚጠብቁ ሆኑ፤ እትዬ እንደ ድሮው ይከፍሏቸው ነበር። የልጃቸው ባል አልተመለሰም፤ የመጣውም ዜና ደግ አልነበረም። ለቅሶው ላይ ጋሼን ድንኳን ውስጥ እየመራሁ ካስቀመጥኳቸው በኋላ እጄን ይዘው ለብዙ ጊዜ አልለቀቁኝም።

እገዳው ሲያልቅ ትምህርት ገባሁ። እንደኔ የታገዱ ሹፌሮች በተማሪ ወንበር ላይ ተጨናንቀን ተቀምጠን፣ አንድ የመቶ አለቃ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መንገድ በጠመኔ ይስልልናል። ብዙዎቻችን ከሱ በላይ የነዳን ነን፤ ቢሆንም ማንም አላሾፈም፣ ደክሞናል። ፈተናውን አለፍኩ፤ መንጃ ፈቃዴን ሰጡኝ። ሪከርዴ ይጠፋል ብዬ ነበር፤ አልጠፋም። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው «አሮጌው አለ፣ ተጠንቅቀህ ንዳ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ትርፍ አልጭንም፣ በማይቆምበት አልቆምም። ተሳፋሪው ያማርራል። «ሹፌር፣ ወራጅ አለ» ሲሉኝ «ማቆሚያው ጋ» እላለሁ። «ምን ያለ ፈሪ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ፈሪ ሆኛለሁ።

ቆይቶ አንድ የጤና ባለሙያ እትዬ ሱቅ ጨርቅ ሊገዛ መጥቶ ጋሼን አያቸው። የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይነሳል አለ። ያን ሁሉ ጊዜ መዳን የሚችል ነገር እንደነበር ሰማን። ሆስፒታል ብዙ ከተጠበቀ በኋላ አንድ ዓይናቸው ተሠራ። ሌላው ዘግይቷል ተባለ። ሰው ሁሉ «መንጃ ፈቃድዎን መልሰው ያውጡ» ቢላቸው እንኳ «በቃኝ» ብለው እምቢ አሉ። ፊደል ማየት ሲችሉ ግን የሱቁን ማስታወቂያ ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር።

ፋሻው በተፈታ በሳምንቱ ገደማ አውቶቡስ ተራ፣ መኪናዋ ሰው እስክትሞላ ስጠብቅ፣ ብቻቸውን እየተራመዱ መጡ። መስኮቴ ጋ ቆመው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። በዚያ ሁሉ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ አላዩኝም ነበር።

«አርጅተሃል» አሉኝ።

«አርጅቻለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ከኋላ «ሞልቷል፣ ንዳ» አሉኝ። ጋሼ አንድ እጃቸውን መስኮቱ ላይ እንዳሳረፉ፣ እንደ ተሳፋሪ ሳይሆን እንደ አስተማሪ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አዩልኝና ከመኪናዋ ፈቀቅ አሉ። ነዳሁ።